ሚኻይል ትስቬትና የጠመኔው ዓምድ

በአንድ እንክብል ውስጥ ምን ያህል አሞክሲሲሊን እንዳለ ማወቅ የሚሻ ኬሚስት ናሙናውን አሟምቶ በዓምድ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ከዓምዱ ተራ በተራ የሚወጡትን ውህዶችም አንድ በአንድ ይለካል። ነቀምቴ ላይ ሆኖ በመድኃኒት ጥራት ወይም በወተት ውስጥ በሚቀር የአንቲባዮቲክ ቅሪት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ የሚያነባቸው የምርመራ ዘዴዎች አብዛኞቹ የተገነቡት በዚሁ ዓምድ ዙሪያ ነው። የዓምዱን አመንጪ ግን የመማሪያ መጻሕፍት በመግቢያ ምዕራፋቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ሰውየው የመድኃኒት ባለሙያ ሳይሆን የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር፤ አንቲባዮቲክ የሚባል መድኃኒት ከመታወቁም በፊት ሞቷል። ዘዴውን በ1906 እ.ኤ.አ. በሰፊው ለሚነበብ መጽሔት ካቀረበ በኋላ ታላላቅ ኬሚስቶች በቁም ነገር እስኪያነሡት ድረስ 25 ዓመታት አልፈዋል። ይህ ጽሑፍ የሚኻይል ትስቬትን ሕይወት እየተረከ፣ ዘዴው ያን ያህል ጊዜ የተገፋበትን ምክንያት ይመረምራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትስቬት በግንቦት 14 ቀን 1872 በሰሜን ኢጣሊያ በምትገኘው በአስቲ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሴምዮን ትስቬት የሩሲያ መንግሥት ሹም፣ እናቱ ደግሞ ኢጣሊያዊት ነበረች። እናቱ እሱን ከወለደች በኋላ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። አባቱ ለሥራው ወደ ሩሲያ ሲመለስ ሕፃኑ በሎዛን ለሞግዚት ተሰጠ፤ የልጅነትና የወጣትነት ዘመኑንም በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ የስዊዘርላንድ ከተሞች በሎዛንና በጄኔቭ አሳለፈ። የቤተሰቡ ስም በሩሲያኛ ቀለም ማለት ነው። ኋላ የታወቀበት ሥራ ቀለምን ከቀለም መለየት መሆኑ ለብዙ ጸሐፊዎች የመደነቂያ ምክንያት ሆኗል፤ እንዲያውም ለዘዴው ያወጣው ከግሪክኛ የተወሰደ ስም የራሱን ስም በስውር ይዟል የሚሉም አሉ። ግምቱ ደስ የሚል ቢሆንም ማስረጃ የለውም።

በ1891 ጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1896 ደግሞ በዕፅዋት ሕዋስ ሥነ ተፈጥሮ ላይ ባቀረበው ጥናት ዶክተር ተባለ። ዕድሜው 24 ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት፣ ማለትም ኢትዮጵያና የተወለደባት ኢጣሊያ ዓድዋ ላይ በተዋጉበት ዓመት፣ ወደ አባቱ አገር ወደ ሩሲያ ተጓዘ። እዚያ የጠበቀው ዕጣ ግን በውጭ አገር ተምሮ ለሚመለስ ምሁር ሁሉ እንግዳ አይደለም። ዛሬ በእኛ አገር የአቻ ግምት የምንለው ጣጣ ማለት ነው። የሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች የጄኔቩን ዶክትሬት ለፕሮፌሰርነት የሚያበቃ አድርገው አልተቀበሉትም። ስለዚህ ዶክተር የነበረው ሰው እንደገና የማስተርስ ተማሪ ሆነ። በሴንት ፒተርስበርግ ምርምር እያካሄደና ለሴቶች በተከፈቱ ኮርሶች የዕፅዋት ትምህርት እያስተማረ ከቆየ በኋላ በ1901 በካዛን ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጽሑፉን አቀረበ።

ያ አስገዳጅ ሁለተኛ ትምህርት በከንቱ አልቀረም፤ ዓምዱን የወለደው ጥያቄ የመነጨው ከእርሱ ነውና። የትስቬት ጉዳይ የቅጠል አረንጓዴ ቀለም፣ ማለትም ክሎሮፊል፣ በሕዋስ ውስጥ በምን ሁኔታ እንደሚገኝ ማወቅ ነበር። ከቅጠል አስቀድሞ የወጣ ክሎሮፊል በፔትሮሊየም ኤተር ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል። ይሁን እንጂ ያው ፔትሮሊየም ኤተር በተፈጨ ቅጠል ላይ ቢፈስ የሚያወጣው በአመዛኙ ቢጫውን ካሮቲን ብቻ ነው፤ አረንጓዴው ከቅጠሉ አይላቀቅም። ጥቂት አልኮል ሲጨመርበት ግን አረንጓዴው ወዲያውኑ ይወጣል። ብዙዎች ይህን ያዩት አልኮሉ ክሎሮፊልን ወደ ሌላ ውህድ የሚቀይረው መስሏቸው ነበር። ትስቬት በአንጻሩ ነገሩ የመሟሟት ጉዳይ አይደለም አለ። ቀለሙ በሕብረ ሕዋሱ ገጽ ላይ አድሶርፕሽን በሚባለው ኃይል ተለጥፏል፤ አልኮሉ የሚሠራው ሥራም ያንን ልጥፍ ማላቀቅ ነው። ሐሳቡን ለመፈተን ቀለሙን በማጣሪያ ወረቀት አስመጠጠው። ወረቀቱ ልክ እንደ ቅጠሉ ሆነ፤ ፔትሮሊየም ኤተር ካሮቲኑን እንጂ አረንጓዴውን አላወጣም። ወረቀት ሕይወት የለውምና ክርክሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ከዚህ እስከ ዓምዱ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቅጠሉን ወረቀት ከተካው፣ ወረቀቱን ደግሞ ዱቄት ሊተካው ይችላል። በ1902 ትስቬት ያኔ በሩሲያ አገዛዝ ሥር በነበረችው በዋርሶ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ፤ እዚያም ከአንድ መቶ በላይ የሚሆኑ ዱቄቶችን እየቀያየረ ሞከረ። ከእነዚህ መካከል በዘልማድ ጠመኔ የምንለው ካልሲየም ካርቦኔት፣ እንዲሁም ኢኑሊን የተባለው የዕፅዋት ስታርች መሰል ውህድና ስኳር ተስማሚ ሆነው ተገኙ። ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ባለው የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ደቃቅ ዱቄት ጠቅጥቆ፣ የቅጠሉን ጭማቂ ከላይ አፈሰሰበት፤ ቀጥሎም ንጹሕ አሟሚ አስከተለ። አረንጓዴ መስሎ የገባው ፈሳሽ በነጩ ዱቄት ላይ ቀለበት በቀለበት ተከፋፈለ። ካሮቲን ሳይያዝ ቀድሞ አለፈ፤ አንድ ይመስል የነበረው ክሎሮፊል ሰማያዊ የሚያደላና ቢጫ የሚያደላ ሁለት አረንጓዴ ሆነ፤ አንድ ይባል የነበረው የዛንቶፊል ቢጫም ከአንድ በላይ መሆኑ ታየ። ከዚያ በኋላ ትስቬት የዱቄቱን ዓምድ እንዳለ ከቱቦው ገፍቶ በማውጣት ቀለበቶቹን በቢላዋ ቆረጠ፤ እያንዳንዱንም በአልኮል አጥቦ ቀለሙን ለየ።

ከገበያ እኩል የተነሡ መንገደኞችን ማሰብ ለዚህ ይረዳል። አንዱ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላል፣ ሌላው ጎንበስ እያለ ያልፋል፣ ሦስተኛው ማንንም አያውቅም። እኩል ተነሥተው እኩል አይገቡም። ዱቄቱ በመንገድ ዳር ያሉትን ዘመዶች፣ የሚወርደው አሟሚም መንገደኞቹን ወደፊት የሚገፋውን ጉዳይ ይተካል። ውህዶቹ የሚለያዩት በመጠናቸው አይደለም። ስለዚህ ዓምዱን ማጥለያ ወይም ወንፊት ማለት ስሕተት ነው፤ ኋላ እንደሚታየው ትስቬትን ከጎዱት ነገሮች አንዱም ይኸው ስያሜ ነበር።

ግኝቱን መጀመሪያ ያሰማው በመጋቢት 1903 በዋርሶ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር ፊት ነው። ንግግሩ በ1905 በማኅበሩ የሩሲያኛ መጽሔት ታተመ፤ ያነበበው ሰው ግን ጥቂት ነበር። በ1906 በጀርመን የዕፅዋት ማኅበር መጽሔት ሁለት ጽሑፎች አወጣ፤ ክሮማቶግራፊ የሚለውን ስም የሰጠውም በእነዚህ ነው። በዓመቱ ዓምዱን ይዞ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ለተገኙት ባለሙያዎች አሳየ። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ለዛሬው የአንቲባዮቲክ ተመራማሪ ከሁሉ የሚልቅ ቁም ነገር ተጽፏል። ትስቬት ዘዴው በቅጠል ቀለም ብቻ እንደማይወሰን፣ ቀለም ያላቸውም የሌላቸውም ውህዶች ሁሉ ለዚያው ሕግ እንደሚገዙ በግልጽ አስቀምጧል። አብዛኞቹ አንቲባዮቲኮች ለዓይን ቀለም የላቸውም፤ ቢጫው ቴትራሳይክሊንና ቀዩ ሪፋምፒሲን ከጥቂቶቹ ናቸው። ክሮማቶግራፊ በስሙ የቀለም ጽሑፍ ይሁን እንጂ፣ ሰጪው ራሱ ስሙ ዘዴውን እንደማይገድበው ገና ከጅምሩ ያውቅ ነበር።

ተቃውሞው ወዲያውኑ መጣ። ከሁሉ የበረታው በክራኮቭ የነበረው የክሎሮፊል ኬሚስት ሌዎን ማርክሌቭስኪ ነበር። በእሱ ዓይን የትስቬት ሥራ ተራ ማጣራት ነው፤ በማጣሪያ ሙከራ ላይ ተመሥርቶ ስለ ክሎሮፊል ኬሚስትሪ ለመናገር መድፈርም ተገቢ አይደለም። ትስቬትም ብዕሩ የለዘበ አልነበረም፤ ለመልሱ መልስ እየተጻፈ ክርክሩ ወደ ግል መናቆር ደረሰ። ይህን የሚተርኩ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ተቃዋሚዎቹን ቅናተኞች አድርገው ይስላሉ። ይህ አተያይ ቀላል ይሁን እንጂ ፍትሐዊ አይደለም። የዘመኑ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መለኪያ የታወቀ ነበርና፤ አንድ ውህድ አለ ለማለት ክሪስታል ሆኖ መገኘት፣ የካርቦኑና የሃይድሮጅኑ መጠንም መተንተን አለበት። ትስቬት ያቀረበው ግን በጠመኔ ላይ የታየ ቀለበትና ጥቂት ሚሊግራም እንኳ የማይሞላ ቀለም ነበር። ጥያቄውም ትክክለኛ ነበር፤ እነዚህ ቀለበቶች በቅጠሉ ውስጥ የነበሩ ውህዶች ናቸው ወይስ ዱቄቱ ራሱ አፈራርሶ የፈጠራቸው?

የትስቬት መልስ የተመሠረተው በብርሃን መምጠጥ ላይ ነው። ከዓምዱ የወጣው ቀለም ብርሃን የሚመጥበት ቦታ፣ ያልተነካው ጭማቂ ከሚያሳየው ጋር ከተስማማ ውህዱ አልተለወጠም። ዛሬ አንድ የአንቲባዮቲክ ምርመራ ዘዴ የሚያረጋግጥ ተማሪ መድኃኒቱን ሆን ብሎ በአሲድ፣ በቤዝ፣ በሙቀትና በብርሃን አፈራርሶ ዋናው ጫፍ ከፍርስራሾቹ መለየቱን ሲያሳይ፣ የጫፉንም ንጽሕና በብርሃን መምጠጥ ሲፈትሽ የሚመልሰው ያንኑ የማርክሌቭስኪን ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ዛሬ ጥያቄው ለዘዴው የሚቀርብ ተራ ግዴታ መሆኑ ነው። በ1907 ለመልሱ የተስማማ መስፈርት ስላልነበረ ነገሩ በማን ይበልጥ ይታመናል ላይ ወደቀ። በዚያ ሚዛን ደግሞ የዋርሶው የዕፅዋት ረዳት ቀላል ነበር።

የነገሩ ምፀት ያለው በክሪስታሉ ነው። በዚያን ጊዜ የተከበረው ማስረጃ በአልኮል ከራሰ ቅጠል የሚገኘው የክሎሮፊል ክሪስታል ነበር። ትስቬት ይህ ክሪስታል ተፈጥሯዊው ክሎሮፊል አይደለም፣ በአሠራሩ ሂደት የተፈጠረ ነው ሲል ተከራክሯል። እውነቱም እሱ ጋር ነበር። በቅጠሉ ውስጥ ያለ ኤንዛይም በአልኮሉ እየታገዘ የክሎሮፊሉን ረጅም ጅራት በአልኮል እንደሚተካው፣ ክሪስታሉም የዚህ ለውጥ ውጤት መሆኑን ያረጋገጠው ሪቻርድ ቪልሽቴተር ነው፤ በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም በቅጠል ቀለም ኬሚስትሪ ወደር ያልነበረው ሰው ማለት ነው። ክሎሮፊል ሁለት ዓይነት መሆኑንም ቪልሽቴተር በራሱ መንገድ አጸና። ሆኖም እሱና ተባባሪው አርቱር ሽቶል በ1913 ባወጡት መጽሐፍ የትስቬትን ዓምድ ውህድ ለማዘጋጀት የማይበጅ አድርገው አቀረቡት። ሞክረውት ክሎሮፊሉ እንደተበላሸባቸው፣ ለዚህም ምክንያቱ የመረጡት ዱቄት ኃይለኛ መሆኑ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ትስቬት ከመቶ በላይ ዱቄቶችን የፈተነው ለዚሁ ነበር፤ የዱቄት ምርጫ የዘዴው ግማሽ ነውና። ቪልሽቴተር በ1915 ስለ ዕፅዋት ቀለም ባደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የእሱ ፍርድ ከዚያ በኋላ ለብዙዎች እንደ ሕግ ሆነ።

በዋርሶ የትስቬት ኑሮም አልተደላደለም። በተማሪዎች አድማ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ከ1905 ጀምሮ ተዘግቶ ቆይቶ ነበር፤ በ1907 ኼሌና ትሩሴቪችን አገባ፤ በዓመቱ ወደ ዋርሶ ፖሊቴክኒክ ተዛወረ። በ1910 በዕፅዋትና በእንስሳት ዓለም ስላሉ ቀለማት በሩሲያኛ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ በእሱ ሁለተኛውን ዶክትሬት ተቀበለ። የሩሲያ የሳይንስ አካዳሚም በ1911 ለመጽሐፉ ሽልማት ሰጠው። መጽሐፉ በሩሲያኛ በመጻፉ ሊያሳምናቸው የሚገባቸው ሰዎች አላነበቡትም።

ከዚያም ጦርነት መጣ። በ1915 የጀርመን ጦር ዋርሶን ሲይዝ ፖሊቴክኒኩ ወደ ሞስኮ፣ ቀጥሎም ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ተሰደደ፤ ትስቬትም ቤቱንና ቤተ ሙከራውን ጥሎ አብሮ ሄደ። በ1917 በመጨረሻ የሚመኘውን ሹመት አገኘ፤ በታርቱ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ትምህርት ፕሮፌሰርና የዕፅዋት ማዕከሉ ኃላፊ ሆነ። ዓመት ሳይሞላው ጀርመኖች ታርቱንም ያዙ፤ የሩሲያው ዩኒቨርሲቲ ወደ ቮሮኔዥ ተዛወረ። በ1918 ከሆላንድ በመጣ ጥቆማ ስሙ ለኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ቀርቦ ነበር፤ አልተመረጠም። ጤናው ተጎድቶ የነበረው ትስቬት ሰኔ 26 ቀን 1919 የእርስ በርስ ጦርነት በሚያምሳት በቮሮኔዥ አረፈ። ዕድሜው 47 ነበር።

ዘዴው ከእሱ ጋር ፈጽሞ አልተቀበረም። በአሜሪካ ሊሮይ ፓልመር ከ1910ዎቹ ጀምሮ የላም ወተትና ቅቤ ቢጫነት ከሚበሉት ሣር ካሮቲን እንደሚመጣ ያሳየው በትስቬት ዓምድ ነው። ዛሬ በወተት ውስጥ የአንቲባዮቲክ ቅሪት የሚፈልግ ሰው የሚከተለው መንገድ በወተት ላይ አስቀድሞ የተሄደበት መሆኑን ማወቅ ይጠቅመዋል። ፓልመር በ1922 ያሳተመው መጽሐፍ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሃይደልበርግ በሪኻርድ ኩን ቤተ ሙከራ ለሚሠራው ወጣት ለኤድጋር ሌደረር ደረሰው። ሌደረር የትስቬትንም መጽሐፍ በጀርመንኛ የትርጉም ጽሑፍ አነበበ። ትርጉሙ ተቀምጦ የነበረው በቪልሽቴተር ዘንድ ነው፤ ኩን ደግሞ የቪልሽቴተር ደቀ መዝሙር ነበር። በ1931 ካሮቲን ራሱ ከአንድ በላይ መሆኑን በዓምድ ለይተው አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ ዘዴውን የናቀ የለም።

ወደ አንቲባዮቲክ የገባውም በዚህ በር ነው። በኦክስፎርድ ኤድዋርድ ኤብራሃምና ኧርንስት ቼይን በ1941 ከሻጋታ ጭማቂ ፔኒሲሊንን ለማጥራት በአሉሚና የተሞላ ዓምድ ተጠቀሙ። በዚያው ዓመት አርቸር ማርቲንና ሪቻርድ ሲንጅ ውህዶችን በሁለት ፈሳሾች መካከል በማከፋፈል የሚለይ ዓምድ አቀረቡ፤ ይህም በ1952 የኖቤል ሽልማት አሰጣቸው። ሶቪየቶቹ ጋውዜና ብራዥኒኮቫ በ1942 ያገኙት ግራሚሲዲን ኤስ የተባለ አንቲባዮቲክ አሚኖ አሲዶቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ የታወቀው በ1947፣ በእነ ማርቲንና ሲንጅ የወረቀት ክሮማቶግራፊ ነው። ትስቬት ክርክሩን የጀመረበት የማጣሪያ ወረቀት እዚህ ላይ ተመልሶ ሲመጣ ይታያል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ደቃቅ ዱቄት በከፍተኛ ግፊት የሚታጠብበት የዛሬው መሣሪያ ቅርጽ ያዘ።

መሣሪያው የሚፈለግበት ምክንያት ከምርምር ያለፈ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚሸጡ የሕክምና ምርቶች ከ10 አንዱ ያህሉ ከደረጃ በታች ወይም አስመስሎ የተሠራ ነው። መጠኑ የጎደለ አንቲባዮቲክ በሽተኛውን አያድንም፤ ባክቴሪያውን ግን ያለማምደዋል። የፔኒሲሊን ዘሮች ደግሞ ጠላታቸው እርጥበት ነው። እንደ ወለጋ ዝናም በሚበዛበት አገር በአግባቡ ያልተቀመጠ አሞክሲሲሊን ባለአራት ማዕዘን ቀለበቱ በውኃ እየተከፈተ ኃይል ወደሌለው አሲድ ይቀየራል። ከበከኒሳ ቀሴ የተወሰደ እንክብልና ከመጋዘን የወጣ እንክብል ለዓይን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ነጭ ዱቄት ይዘዋል። ልዩነት ካለ የሚታየው በዓምድ ነው። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ለአሞክሲሲሊን እንክብል የፈቀደው መጠን በማሸጊያው ከተጻፈው ከ90 እስከ 120 በመቶ ሲሆን፣ መለኪያውም ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ነው፤ መመርመሪያው የሚያየው በ230 ናኖሜትር፣ ማለትም የሰው ዓይን በማይደርስበት ብርሃን ነው። ለወተት ደግሞ የኮዴክስ ደንብ ለኦክሲቴትራሳይክሊን የሚፈቅደው ቅሪት በሊትር 100 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ያን ያህል ጥቂት ነገር በክሪስታል ይረጋገጥ የሚል ዛሬ የለም።

በዛሬው ዓምድ ውስጥ ያለው ዱቄት ግን የትስቬት ጠመኔ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ 18 ካርቦን ያለው የስብ ሰንሰለት የለበሰ ሲሊካ ነው፤ አጣቢውም ፔትሮሊየም ኤተር መሆኑ ቀርቶ ውኃ የበዛበት ሆኗል። በዚህ ምክንያት የመንገደኞቹ ተራ ተገልብጧል። ውኃ ወዳዱ የአሞክሲሲሊን ፍርስራሽ ቀድሞ ይወጣል፤ መድኃኒቱ ይከተላል። በዋርሶው ቱቦ ማንም ሳይዘው ቀድሞ ያልፍ የነበረው ካሮቲን በዚህኛው ዓምድ ቢገባ ከስቡ ጋር ተጣብቆ የሁሉም መጨረሻ ይሆን ነበር።